የሰሬሮ መርዶ

ሰሬሮ ሐይቅ ማለዳ ማለዳ ልክ በአሥራ ሁለት ሰዓት ሰዉን ሰላም ይላል።

ድምፁ የሚመጣው በየመንደሩ መግቢያ ከቆሙት ማጉያዎች ነው። «እንደምን አደራችሁ ሰሬሮዎች፤ እኔ...» ይልና ያስለዋል። ከደረት የሚነሳ ደረቅ ሳል ነው፤ ሁለት ጊዜ። ትንፋሹን ይሰበስብና «እኔ ደህና ነኝ» ይላል። ከዚያ ማዕበሉ ይሰማል፤ ከማዕበሉ ቀጥሎ ወፎቹ። ይህን ጊዜ የፋብሪካው አውቶቡሶች በሩ ላይ ደርሰው ሠራተኛው እያዛጋ ይወርዳል። ወደ ማጉያው ቀና ብሎ የሚያይ የለም።

ድምፁ የጋሽ ደምሰው ነው። ጋሽ ደምሰው የሰሬሮ ልብስ ፋብሪካ የዘላቂነት ኃላፊ ነበሩ። ከሞቱ ሰባት ወራቸው ነው።

ውሃ የሚጠቀም ፋብሪካ ሁሉ ለውሃው አፍ የሚሆን ሰው እንዲሾም ሕግ ከወጣ ሠላሳ ዓመት አልፏል። አፉ የዘላቂነት ኃላፊው ነው። ስብሰባ ላይ «ሐይቁ ምን ይላል?» ተብሎ ሲጠየቅ ብድግ ብሎ «እኔ» እያለ የሚመልሰው እሱ ነው። የሚናገረውን ደግሞ ሰሚው ያዳምጠዋል። ሰሚው ግራጫ ሣጥን ነው፤ ሰው ያመነበትን ሲናገር አረንጓዴ፣ ያላመነበትን ሲናገር ቀይ ያበራል። ጉቦ አይበላም፣ ዘመድ የለውም፣ ይሉኝታ የሚባል ነገር አያውቅም። ማጉያዎቹ የሚያሰሙት ሰሚው ለመጨረሻ ጊዜ አረንጓዴ ያበራለትን የሐይቁን የ«እኔ» ቃል ነው። አዲስ ቃል እስኪመጣ ድረስ ያንኑ ይደግማሉ።

ሐይቁ ግን ከደረቀ አሥራ አንድ ዓመት ሆኖታል። ፋብሪካው ጨርቁን የሚያቀልመው ከጥልቅ ጉድጓድ በሚስበው ውሃ ነው። ይህን በሰሬሮ የማያውቅ ሰው የለም፤ ከአንዲት ሴት በቀር።

በጋሽ ደምሰው ቦታ የተተካችው እማዋይሽ ትባላለች። ሠላሳ አራት ዓመቷ ነው፤ ቀጭን፣ ቶሎ ቶሎ የምትራመድ፣ ስትናደድ ድምፅዋ ዝቅ የሚል ሴት ናት። ሥራዋ ጎሕ ሲቀድ ይጀምራል። በመጀመሪያ የመለኪያው ምሰሶ ወደ ቆመበት ገንዳ ትሄዳለች። ሐይቁ ሲሸሽ ምሰሶው ብቻውን ደረቅ ላይ ስለቀረ፣ ዙሪያውን በሲሚንቶ ገድበው በቦቴ ውሃ ይሞሉታል። እማዋይሽ «በመለኪያው ዙሪያ ያለው የውሃ ጥልቀት ሁለት ሜትር ከሃያ ነው» ስትል ሰሚው አረንጓዴ ያበራል፤ ምን ውሸት አለው? ሙያው ይኸው ነው። እውነት የሆነ ዓረፍተ ነገር መጠረብ። ከዚያ ማጉያዎቹን አንድ በአንድ ትፈትሻለች፤ የወፎቹ ድምፅ እንዳይሰለች በየወቅቱ ይቀየራል። ሰኞ ሰኞ ደግሞ ከፋብሪካው ማርቢያ አንድ ቆሮሶ ዓሣ ታወጣና በፌስታል ይዛ ወደ እማማ ሶልያና ቤት ትወርዳለች።

ሶልያና፣ ብሌን፣ ኤልዳና የአሮጊት ስም ከሆኑ ቆዩ። እማማ ሶልያና ሰማንያ ሁለት ዓመታቸው ነው። ስኳር በሽታ የዓይናቸውን ብርሃን ከወሰደው አሥራ ሁለት ዓመት ሞላው፤ ይኸውም ሐይቁ ከመድረቁ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ማለት ነው። ቤታቸው የጥንቱ ዳርቻ ላይ ናት፤ ከደጃፋቸው ፊት ለፊት ትልቁ ማጉያ ሌት ተቀን ማዕበል ያሰማል። ጋሽ ደምሰው ልጃቸው ነበሩ። ጉማሬ ሰው ነክሷል ብለው እናታቸውን ወደ ውሃው እንዳይወርዱ የከለከሏቸው እሳቸው ናቸው።

ያን ሰኞም እማማ ሶልያና ዓሣውን ተቀብለው በጣታቸው ጫን ጫን አደረጉት።

«ይኼ ዓሣ ሰንፏል ልጄ» አሉ። «ሥጋው ላልቷል። ውሃው ሞቆ ነው?»

«ዘንድሮ ሙቀቱ ከባድ ነው» አለች እማዋይሽ። ይህን ብላ በራሷ አፈረች፤ ሰሚው በሌለበት ቤት እንኳ ዓረፍተ ነገር ትጠርባለች።

«ደምሰውስ?»

«ሥራ በዝቶባቸው ነው። ይመጣሉ።» ይኼኛው የተጠረበ አልነበረም። ደረቅ ውሸት ነበር።

አሮጊቷ ዓሣውን ወደ ፌስታሉ መለሱ። «ይሁን» አሉ። «ድምፁን እሰማለሁ። ጠዋት ጠዋት ‹ያን ደረትህን ሸፍን አንተ!› እለዋለሁ፤ መቼ ይሰማል!» ብለው ሳቁ፤ ከዚያ እንደ ልማዳቸው ስለ ሐይቁ ማውራት ጀመሩ። ጉም ሲነሳ ውሃው እንዴት እንደሚተነፍስ፣ ባላቸው በታንኳ ሲመለስ ገና ሳይታይ በፉጨቱ እንዴት እንደሚያውቁት፣ መረብ ሲጎተት ከእርጥብ ገመዱ የሚንጠባጠበው ውሃ እግር ላይ ሲያርፍ እንዴት እንደሚበርድ።

የጋሽ ደምሰው ምስጢር እማዋይሽ የተቀመጠችባት ይህች ወንበር ነበረች። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ፣ ሥራ ከመግባታቸው በፊት ጎሕ ሲቀድ እዚህ ተቀምጠው እናታቸውን ሐይቁን ያስወሯቸው ነበር። ወሬው ከጆሯቸው ሳይበርድ በሩጫ ማይክሮፎኑ ፊት ይቆሙና ዓይናቸውን ጨፍነው «እኔ ደህና ነኝ» ይላሉ። ለዚያች ቅጽበት ያምኑታል። ሰሚውም አረንጓዴ ያበራል። እማዋይሽ በመጀመሪያው ሳምንቷ ይህንኑ ሞክራ ነበር። እማማ ሶልያናን ሰማች፣ ሮጠች፣ ዓይኗን ጨፈነች፣ ተናገረች። ሰሚው ቀይ አበራ። በማግስቱም ቀይ፤ በሦስተኛው ቀንም ቀይ። ከዚያ ወዲህ ማንም ሞክሪ አላላትም፤ የሟቹ ድምፅ ቀጠለ።

ማክሰኞ ሥራ አስኪያጁ አቶ ያፌት አስጠሯት። አቶ ያፌት ሰው ሲናገር ጭንቅላታቸውን እየነቀነቁ የሚያዳምጡ፣ ከዚያ ቀድሞ ያሰቡትን የሚናገሩ ሰው ናቸው።

«ሐሙስ አራት ሰዓት ላይ ዓመታዊው ምስክርነት ነው» አሏት። «እማማ ሶልያና እንደ ወትሮው ይቀርባሉ። ጥያቄው አንድ ነው፤ ‹ሐይቁ አለ?› ‹አለ› ይላሉ፤ አበቃ።»

«እኔ ግን የልጃቸውን መርዶ መንገር እፈልጋለሁ። ሰባት ወር ሆነ እኮ አቶ ያፌት።»

«ከሐሙስ በኋላ። ሐዘን የገባው ድምፅ ሰሚው አያነበውም።»

«ከብርዱ በኋላ ተባለ፤ ከበዓሉ በኋላ ተባለ። አሁን ደግሞ ከሐሙስ በኋላ።»

«እማዋይሽ» አሉ ድምፃቸውን አለዝበው። «ምስክር ያጣ ሐይቅ እንደ ሞተ ይቆጠራል። ሐይቁ የሞተበትን ፋብሪካ ጨርቅ ባሕር ማዶ የሚገዛ የለም። አራት ሺህ ሰው እዚህ ነው የሚያድረው። ለሁለት ቀን ብለሽ?»

ወጥታ በረንዳው ላይ ቆመች። አሥራ ሁለተኛ ክፍል የተፈተነች ጊዜ አባቷ ሞቶ አርባ ቀን ደብቀዋት ነበር። ፈተናዋ እንዳይበላሽ ብለው ነው። በእነዚያ አርባ ቀናት ውስጥ የአክስቷ ልጅ ሰርግ ላይ እስኪያልባት ጨፍራለች፤ እናቷ ጥግ ላይ ቆማ እያየቻት፣ ጥቁር ልብሷን ፍራሽ ሥር ሸሽጋ እያጨበጨበችላት። እማዋይሽ ያጨበጨቡትን ሁሉ ይቅር ብላለች። ያን ጭፈራዋን ግን እስከ ዛሬ ለራሷ ይቅር አላለችም። የእማማ ሶልያና ሳቅ ደግሞ ሰኞ ሰኞ ያንኑ ያስታውሳታል።

ረቡዕ ከሰዓት ወደ ጋሽ ናሆም ሄደች። ጋሽ ናሆም የእድሩ ዳኛ ናቸው፤ ዱሮ ዓሣ አስጋሪ ነበሩ፤ አሁን የፋብሪካው በር ጠባቂ ናቸው። የመጣችበትን ስትነግራቸው ኮፍያቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አደረጉት።

«እኛስ በሴትዮዋ ደጅ ስናልፍ እንደ ሌባ ነው የምንረግጠው» አሉ። «ነገ ማለዳ ይሁን። ሰው እሰበስባለሁ። ፋብሪካውን አስበሽበታል?»

«አስቤበታለሁ። ነገ ካልተነገራቸው ግን መቼም አይነገራቸውም።»

«እንግዲህ የልጁን ብቻ ነው የምንነግራቸው። የሐይቁን አናነሳም። ሁለት ሬሳ በአንድ ጠዋት አይችሉም።»

በዚህ ተስማሙ። እማዋይሽ ለሐሙስ ያልታሰበ ነገር የቀረ አልመሰላትም። ቢወድቁ የሚደግፋቸው ሰው፣ አንዲት ነርስ፣ ለመቀመጫ ፍራሽ፣ ለለቀስተኛ ድንኳን። እድርተኛው ሁሉ የየድርሻውን ያዘ። ከመካከላቸው አንድ ሰው እንኳ መርዶ በሰሬሮ የት እንደሚያበቃ አላስታወሰም። አሥራ አንድ ዓመት ረጅም ጊዜ ነው።

ሐሙስ ጎሕ ሲቀድ ሃያ የሚሆኑ ሰዎች በእማማ ሶልያና ደጅ ተሰበሰቡ። ሴቶቹ ነጠላቸውን ገና አላዘቀዘቁም፤ ይህ የሚደረገው ከተነገረ በኋላ ነው። አሮጊቷ በሩን ከፍተው የእግር ኮቴውን አዳመጡ።

«ስንት ናችሁ?» አሉ።

ጋሽ ናሆም ጉሮሯቸውን ጠረጉ። በዚያው ቅጽበት አሥራ ሁለት ሰዓት ሆነ። «እንደምን አደራችሁ ሰሬሮዎች፤ እኔ...» አለ ማጉያው። ሳሉ መጣ፤ አንድ፣ ሁለት። «እኔ ደህና ነኝ።» ከሴቶቹ አንዷ አፏን በመዳፏ አፈነች።

«ደረትህን ሸፍን አንተ» አሉ እማማ ሶልያና ቀስ ብለው። ከዚያ ወደ ሰዎቹ ዞሩ። «ደምሰውን ልትነግሩኝ ነው የመጣችሁት። ግቡ። አውቃለሁ።»

ማንም አልገባም። «ማን ነገርዎት?» አለች እማዋይሽ።

«ሳሉ ነዋ። በሕይወት ያለ ሰው ዛሬ እዚህ ጋ ያስለዋል፣ ነገ እዚያ ጋ። እሱ ሰባት ወር ሙሉ ‹እኔ› ካለ በኋላ ነው የሚያስለው፤ ሁለት ጊዜ። ሦስት ሆኖ አያውቅም።» እጃቸውን ወደ ማጉያው ዘረጉ። «ካለቀስኩ ድምፁን ታጠፉብኛላችሁ ብዬ ነው ዝም ያልኩት። ምን ታደርጉኛላችሁ? ልጄ ነው፤ ጠዋት ጠዋት ሰላም ይለኛል።»

ጋሽ ናሆም አለቀሱ። ሌሎቹም ቀጠሉ፤ ነጠላዎች ተዘቀዘቁ፣ ሰው መሬት ላይ ተቀመጠ። እማማ ሶልያና ብቻ አላለቀሱም። የለቀስተኛው ድምፅ እስኪበርድ ቆመው ጠበቁና ከዘራቸውን በዳሰሳ አነሱ።

«በሉ ውሃ አውርዱኝ።»

ለቅሶው ቀጥ አለ።

በሰሬሮ ሰው የሞተበት ሐዘንተኛ ከተረዳ በኋላ ሐይቅ ወርዶ ፊቱን ይታጠብ ነበር። ካልታጠበ መርዶው አልተፈጸመም። እማማ ሶልያና የባላቸውን እንዲህ ነው የተቀበሉት፣ የእናታቸውንም። እማዋይሽ ጋሽ ናሆምን አየቻቸው። ጋሽ ናሆም መሬቱን አዩ።

«በጆግ እናምጣልዎት» አለች ነርሷ። «ጉማሬው...»

«የደምሰውን በጆግ? ሰሬሮ ዳር ተወልጄ?» አሉ። «መቶ ሃያ እርምጃ ነው። ጉማሬው ይብላኝ። የሚመራኝ ከጠፋ ብቻዬን እሄዳለሁ።»

እማዋይሽ እጃቸውን ያዘች። ቢወድቁስ ብላ ነው የያዘችው፤ ለምን እንዳልከለከለቻቸው ኋላም ቢሆን መናገር አልቻለችም። እየቆጠሩ ወረዱ። መቶ ሃያ ላይ እማማ ሶልያና ጫማቸውን አውልቀው እግራቸውን በጥንቃቄ ዘረጉ። ደረቅ ነበር።

«ሸሽቷል» አሉ። «ክረምቱ ዘግይቶ ነው።»

ቀጠሉ። ሁለት መቶ። «ያን ጊዜም እንዲህ ሸሽቶ ነበር፤ አባቴ ያወራ ነበር።» ሦስት መቶ። መሬቱ ነጭ ሆነ፤ ጨው የቀላቀለው አፈር ከእግራቸው ሥር እየተሰበረ ይንኮሻኮሻል። ከኋላ ሃያው ሰው ይከተላል። አራት መቶ ላይ ቆሙና አንገታቸውን አዘነበሉ።

«ማዕበሉ ከኋላዬ ነው» አሉ።

 ጋሽ ናሆም ባሉበት ቁጭ አሉ።

«ስንት ጊዜው ነው?»

«አሥራ አንድ ዓመት» አለች እማዋይሽ።

«ደምሰው ያውቅ ነበር?»

የጠረበችው ዓረፍተ ነገር አልነበራትም። «ያውቁ ነበር እማማ።»

«ጠዋት ጠዋት ሐይቁን ሲያስወራኝ...» ብለው ጀመሩና ተዉት። ፊታቸው ላይ አንድ ነገር ሲገባቸው ታየ፤ እማዋይሽ ዓይኗን ከፊታቸው ልታነሳ ፈለገች፣ ግን አላነሳችም። እማማ ሶልያና ተንበረከኩ። በሁለት እጃቸው ነጩን አፈር ዘገኑ፤ እንደ ውሃ ወደ ፊታቸው ወሰዱት፤ ሦስት ጊዜ ታጠቡት። አፈሩ ሽፋሽፍታቸው ላይ ቀረ። ሰዉ ጩኸታቸውን ይጠብቅ ነበር። አልጮሁም።

አራት ሰዓት ላይ አቶ ያፌት በጥቁር ሱፍ ደረሱ። ነገሩን በመንገድ ሰምተዋል። እማማ ሶልያናን ጎንበስ ብለው «እግዚአብሔር ያጥናዎት» አሏቸው፤ እማዋይሽን አላዩአትም። ሰሚው ገንዳው አጠገብ ተቀመጠ። አሮጊቷ ፊታቸውን አላራገፉም፤ እንደ ነጣ መጥተው ወንበሩ ላይ ተቀመጡ። መንደሩ በሙሉ ዙሪያውን ቆሟል።

«ምስክር ሶልያና» አለ፣ በምስክርነት ቀን ጠያቂም የሆነው ሰሚው፣ በማይቸኩል ድምፁ። «ሰሬሮ ሐይቅ አለ?»

«እኔ ምስክር አይደለሁም፤ ሐዘንተኛ ነኝ» አሉ። «ሐዘንተኛ ይረዳል እንጂ አይጠየቅም። አፉ እዚህ ቆማ የለ? እሷ ትንገረኝ።»

የሣጥኑ መብራት ወደ እማዋይሽ ዞረ።

«የሐይቁ አፍ ይናገር።»

ዓረፍተ ነገሮቹ ሁሉ በአንድ ጊዜ መጡላት። በመለኪያው ዙሪያ ያለው የውሃ ጥልቀት ሁለት ሜትር ከሃያ ነው። የወፎች ድምፅ በየማለዳው ይሰማል። እውነት ናቸው፤ አረንጓዴ ናቸው። አቶ ያፌት ዓይናቸውን በልመና ተክለውባታል። እማዋይሽ ሄዳ የእማማ ሶልያናን እጅ ያዘች፤ መርዶ ከሩቅ አይነገርም። እጃቸው በአፈሩ ሻክሯል።

«እንደምን አደራችሁ ሰሬሮዎች» አለች፤ ድምፅዋ ዝቅ ብሎ። «እኔ ሰሬሮ ነኝ። ሞቻለሁ። ከሞትኩ አሥራ አንድ ዓመቴ ነው።»

ሰሚው አረንጓዴ አበራ። በሰባት ወር ውስጥ በሐይቁ አፍ «እኔ» ብላ የተናገረችውን ሲያምናት የመጀመሪያው ነበር።

ጩኸቱ የተነሳው ያኔ ነው። የጮኹት ግን ሽማግሌዎቹ ዓሣ አስጋሪዎች ናቸው፤ አሥራ አንድ ዓመት በፋብሪካው በር የቆሙ፣ ጨርቅ ያጠፉ፣ ቦቴ የነዱ ሰዎች ደረታቸውን እየመቱ አለቀሱ። አቶ ያፌት መኪናቸው ውስጥ ገብተው ተቀመጡ፤ ግን አልነዱም።

እማዋይሽ ያን ቀን ወደ ቤቷ አልሄደችም። ለቀስተኛው መካከል፣ ከእማማ ሶልያና ፍራሽ አጠገብ አደረች። ፋብሪካው ይዘጋ አይዘጋ የሚወስነው ደብዳቤ ገና አልመጣም፤ ስለዚህ አርብ ማለዳ አውቶቡሶቹ እንደ ወትሮው በሩ ላይ ደረሱ። ከሚወርዱት ሴቶች ብዙዎቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል።

እማማ ሶልያና ከፍራሹ ላይ ቀና ብለው ተቀምጠው ነበር። ፀጉራቸውን አስተካክለዋል፤ ነጠላቸውን ሰብስበው ፊታቸውን ወደ ማጉያው አዙረዋል። ሰው በጠዋት እንደሚጠብቅ ሰው። እማዋይሽ የሚጠብቁት ምን እንደሆነ የገባት ያኔ ነው። ተነስታ ልትሮጥ አለች፤ ወዴት እንደምትሮጥ ግን አታውቅም። አሥራ ሁለት ሰዓት ሆነ።

«እንደምን አደራችሁ ሰሬሮዎች» አለ ማጉያው በእማዋይሽ ድምፅ። «እኔ ሰሬሮ ነኝ። ሞቻለሁ። ከሞትኩ አሥራ አንድ ዓመቴ ነው።» ከዚያ ማዕበሉ ተሰማ፤ ከማዕበሉ ቀጥሎ ወፎቹ።

እማማ ሶልያና አፋቸውን ከፍተው ጠበቁ። ሳሉን ነው የጠበቁት። ወፎቹ እስኪያበቁ ጠበቁ።

«ደምሰውስ?» አሉ።

እማዋይሽ እጃቸውን ልትይዝ ስትል ገፏት፤ በኃይል ሳይሆን፣ ሰው በመንገዱ ላይ የቆመን ነገር ገፋ እንደሚያደርግ።

«አሁን ሞተ» አሉ። «አሁን ገደላችሁብኝ። ልጄ! ደምሰው! ልጄን!»

ሰባት ወር የተያዘው ጩኸት ወጣ። ከድንኳኑ አልፎ፣ በነጩ ሜዳ ላይ ተሻግሮ እስከ ፋብሪካው በር ደረሰ። ሰልፉ ቆመ፤ ሠራተኛው ሁሉ ቀና ብሎ ወደ ማጉያው አየ።